ስሙ አንድ፣ መርዙ ሁለት

ባለፈው ሳምንት አዘዞ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ ስመለስ የአክስቴ ልጅ «ዶሮ ማርባት ጀምሬያለሁ፤ ሳታዪልኝ አትሄጂም» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የቆርቆሮውን በር ገርበብ ስታደርገው ሽታው ፊቴን መታኝ። እርጥብ ሰጋቱራ፣ የተፈጨ እህል፣ የትንንሽ እንስሳት ሽንት፣ በላዩ ላይ ደግሞ ያ አፍንጫ የሚበሳው የወለል መድኃኒት። «ያ ሰላም!» አልኩ ሳላስበው፣ በአረብኛ። ዘመዴ ጫጩቶቿን ያደነቅሁላት መስሏት ደስ አላት። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ካርቱም ደርሼ ነበር። ነጫጭ አይጦች በመደርደሪያ ተደርድረው፣ ከግድግዳው ወዲያ እባቦቹ ተኝተው፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያው እየተንቋቋ። ሰው ወጣትነቱን በሽቶ ወይም በአበባ ሽታ ያስታውሳል ይባላል። የእኔ የጉልምስና ዘመን የሚሸተው አይጥ አይጥ ነው፤ ምን ላድርግ።

ያን ጊዜ ሳጃና በሚባል የካርቱም ሰፈር እኖር ነበር። ደቡቡ ከሱዳን ከተለየ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቱን በውል ብጠየቅ አላውቀውም። የማውቀው ሻይ በአንድ ጊኒ፣ በሱዳን ገንዘብ፣ ይጠጣ እንደነበር፣ በአንድ ጊኒ አራት ዳቦ ይሰጥ እንደነበርና፣ ከዚያ በኋላ ዳቦው በየጊዜው እየቀለለ፣ ስኳሩ እየተወደደ እንደሄደ ነው። ስድስት ሐበሾች አንድ ግቢ ተከራይተን ነበር፤ በየክፍሏ ሁለት ሁለት አልጋ፣ በመሃል አንዲት የኒም ዛፍ። ጠዋት ስወጣ ማዕዘኑ ላይ ያለው የሐበሻ ሻይ ቤት ራዲዮው ተከፍቶ፣ የሱዳኑም የእኛም ዘፈን በአንድ ቅኝት ይንቆረቆራል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ቃሉን ካልሰሙ በቀር አይለይም። የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ ቶብ መልበስ ተምሬ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ስሳፈር ጫፉን በር እየያዘብኝ ሳቅ አስነሳ ነበር፤ በኋላ ግን እንደ አገሬው ሴት በአንድ እጄ ሰብሰብ አድርጌ፣ በሌላው ዘንቢሌን ይዤ ዘልዬ መግባት ቻልኩ። አሁን ጎንደር ላይ ነጠላ ስለብስ እንኳ እጄ ራሱ ቶብ ቶብ ይለዋል።

ሥራዬ «ካርቱም ሁለት» የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ ባለ አንድ የምርምር ቤት ነበር። በእባብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠሪው ስባል መጀመሪያ አማትቤ ነበር። ወርቅ ቢሰጡኝ አልገባም ብዬ ሁለት ቀን ተኛሁ፤ በሦስተኛው ቀን ረሃብ አስገባኝ። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ዶክቶር ባቢክር የሚባሉ ወደ ስልሳ የተጠጉ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሸሚዛቸው እጅጌ ጉርድ፣ ኪሳቸው ሙሉ እስክሪብቶ፤ አርብ አርብ ግን በነጭ ጀለቢያና በመርኩብ ጫማ የሠርግ ሽማግሌ ይመስላሉ። እዚያ ቤት ከእባብ ጋር የምንውለው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሳቸው መርዝ ያልባሉ፤ በብርጭቆ አፍ ላይ ስስ ላስቲክ ወጥረው እፉኝቷን ያስነክሷታል፣ ቢጫው ጠብታ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ አይጦቹን አበላለሁ፣ ሰጋቱራ እቀይራለሁ፣ ጠርሙስ አጥባለሁ። አንድ ሳጥን የመስታወት ቱቦ ግን ለብቻው ነበር። «ይህንን ሳሙና እንዳታስነኪው» ይሉኛል ዶክቶር። «ሳሙና የነካው ቱቦ ይዋሻል። ደም አይረጋበትም።»

እፉኝቶቹ ትንንሽ፣ የአሸዋ መልክ ያላቸው ናቸው። ሲቆጡ ተጠቅልለው ቅርፊታቸውን እርስ በርስ ያፋትጋሉ፤ ድምፁ ትኩስ መጥበሻ ላይ ውሃ ጠብ እንዳለ ነው። በስተቀኝ ያሉት ከምዕራብ፣ ከኮርዶፋን አሸዋ የመጡ፤ በስተግራ ያሉት ከምሥራቅ፣ ከገዳሪፍ በኩል። ዶክቶር አንዱን ወገን ካለቡ በኋላ ብርጭቆውን ሳይለዩ ቀርተው እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ይበሳጫሉ።

አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «ዶክቶር፣ ሁሉም አንድ እባብ አይደለም እንዴ? ምን ይለየዋል?»

«አንድ ነው። መልኩ አንድ፣ ስሙ አንድ። መርዙ ግን አንድ አይደለም።»

«እንዴት ይሆናል? ላም የትም ላም ናት።»

«ሹፊ፣ ያ ጥሩ» አሉኝ፤ «እዪ፣ አንቺ ጥሩ» ማለታቸው ነው፤ ስሜ ጥሩወርቅ ነው፣ ሙሉውን ጠርተውት አያውቁም። «ላም የትም ላም ናት። ቅቤዋስ?»

አሰብኩት። እኔ የደንቢያ ልጅ ነኝ። የደንቢያን ቅቤና ከቆላ የሚመጣውን ቅቤ ዓይኔን ብትሸፍኑኝ በሽታው እለየዋለሁ። «ሳሩ ይለያየዋል» አልኳቸው።

«አዎ። እነዚህም የሚበሉት ይለያያል ብዬ እገምታለሁ፤ አንዱ አይጥ፣ ሌላው ጊንጥና መቶ እግር። ምክንያቱን ገና አላወቅሁትም። ውጤቱን ግን በቱቦ አይቻለሁ።» ከዚያ ከማቀዝቀዣው አንድ የማርከሻ ጠርሙስ አውጥተው አሳዩኝ። «ገበያ ላይ ያለው ማርከሻ ይህ ነው። የምዕራቡን እፉኝት መርዝ ያሸንፈዋል። የምሥራቁን ግን በጭንቅ። ሐኪሙ ካርቶኑ ላይ የእባቡን ስም ያነባል፤ ስሙ ትክክል ነው፤ በሽተኛው ግን ይሞታል።»

ይህን ሲነግሩኝ እጄ ላይ የአይጥ መኖ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እውቀቱ ደስ አለኝ እንጂ ለምን እንደሚጠቅመኝ አልገባኝም።

ክረምቱ እንደገባ፣ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ባለፈ ማግስት ጠዋት፣ ዶክቶር ከስልክ ላይ ተነስተው «ያላ፣ ቶብሽን ልበሺ» አሉኝ። ሆስፒታል አንድ የተነደፈ ሐበሻ አለ፤ አረብኛው አይበቃም፤ አስተርጓሚ ይፈለጋል። አምጃድ በምትባለዋ ትንሽ መኪና ሄድን። ልጁ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው፤ ይበልጣል ይባላል። ግራ እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ ቆዳው ይብለጨለጫል፤ ድዱ ይደማል፤ ደሙን በጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ይመጣል። ሰዎች ከበሩ ላይ አስቀምጠውት ሄደዋል፤ እነማን እንደሆኑ ማንም አላየም።

«የት ነው የነደፈህ?» አልኩት ዶክቶር ብለውኝ።

«ኦምዱርማን» አለ። «ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ ጡብ ሥራ ላይ ሳለሁ። ከትናንት በስቲያ።»

ዶክቶር ራሳቸውን ነቀነቁ። ምዕራብ ከሆነ የገበያው ማርከሻ ይበቃዋል። ከክንዱ ትንሽ ደም ቀድተው በእኔ ቱቦ፣ ሳሙና ባልነካው ቱቦ ውስጥ አደረጉና መስኮቱ ላይ አቆሙት። ሃያ ደቂቃ ጠብቀን ሲያዘነብሉት ደሙ እንደ ቀይ ውሃ ፈሰሰ። የጤነኛ ሰው ቢሆን በዚያ ጊዜ ረግቶ ከሥሩ ይጣበቅ ነበር። ማርከሻው በጉሉኮስ ተሰጠው። ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ደሙን አየን፤ ፈሰሰ። ተጨማሪ ተሰጠው። በማግስቱ ጠዋት ስንመጣ ሽንቱ ደም ሆኗል፤ ደሙን በቱቦ አየነው፤ አሁንም ፈሰሰ።

ዶክቶር መስኮቱ አጠገብ ቆመው ቱቦውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ጥሩ፣ ይህን ቱቦ በሳሙና አጥበሽዋል?»

«በእመቤቴ፣ አላጠብኩትም።»

«አምንሻለሁ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የምዕራብ እባብ ከሆነ ይህን ጊዜ መርጋት ነበረበት» አሉ። «እስቲ ብቻችሁን ሁኑ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ነኝ።»

ከአልጋው አጠገብ ባለችው የብረት ወንበር ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ዓይኔ ወደ ታች፣ ወደ አልጋው ሥር ሄደ። ኮንጎ ጫማው እዚያ ነበር። በላስቲኩ ሽንቁር ሁሉ ጥቁር ጭቃ ደርቆ ተጣብቋል። አንዱን አንስቼ በጥፍሬ ፈገፈግሁት። ዋልካ ነው። እኔ በዋልካ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ የሚይዝ፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚሆን የጥቁር አፈር ልጅ ነኝ። ከኦምዱርማን በስተምዕራብ ያለው አሸዋ ነው፤ ጫማ ላይ አይቆይም።

«ይበልጣል» አልኩት። «ይህ ዋልካ ከየት መጣ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ልጄ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም። እኔም በእግሬ ነው የመጣሁት። በመተማ በኩል፣ ከሰሊጥ ማሳ ማሳ እየተደበቅሁ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ። አሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ። እዚህ ያሉት ሰውዬ ደግሞ ወረቀትህን አይፈልጉም። እባቡ ያለበትን አገር ነው የሚፈልጉት።»

«ምን ያደርግላቸዋል?» አለ፤ ድምፁ በደሙ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው።

የቅቤውን ነገር ነገርኩት። የምሥራቁና የምዕራቡ እፉኝት ስሙ አንድ፣ መርዙ ሁለት መሆኑን፣ ትናንት የሰጡት ማርከሻ ለአንደኛው እንጂ ለሌላኛው እንደማይሆን ነገርኩት። የገበሬ ልጅ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ከሆስፒታሉ ሐኪሞች ሁሉ ፈጥኖ ገባው።

«ብናገር ሦስቱ ይያዛሉ» አለ። «አብረን ነው ድንበሩን የተሻገርነው። ደላላው እዚህ ከተማ አንድ ቤት ዘግቶባቸዋል፤ ሰው ከጠየቀህ ኦምዱርማን በል ብሎኛል። መንገዱን ከተናገርኩ መንገዱ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደላሎቹ እነሱን ይጨርሷቸዋል። አንደኛው ወንድሜ ነው፣ የአጎቴ ልጅ።»

«የቦታውን ስም ለማንም አልናገርም። በእመብርሃን። ‹ምሥራቅ› ብቻ ነው የምላቸው።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ የቦታውን ስም ነገረኝ። ድንበሩ ላይ ያለች፣ በካርታም የሌለች ቁልቁለት ናት። ዝናብ እየጣለ፣ ማለዳ ላይ፣ እግሩን ከድንጋይ ሥር ሲያስገባ ነደፈው። ይዘውት ሁለት ቀን በጭነት መኪና ከሰሊጥ ጆንያ ሥር መጡ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ «ምሥራቅ ነው ዶክቶር» አልኳቸው።

«የት?»

«ምሥራቅ ነው።»

አዩኝ። እኚያ ሰው እባብ ዓይን ውስጥ ለሃያ ዓመት ሲያዩ የኖሩ ናቸው፤ የሰው ዓይን አይቸግራቸውም። «ይበቃኛል» አሉ።

ችግሩ ሌላ ነበር። ለምሥራቁ እፉኝት የሚሆን ማርከሻ በከተማው ውስጥ ገበያ ላይ አልነበረም። ከብዙ አገር እባቦች መርዝ የተሠራ አንድ ዓይነት ማርከሻ ነበረ፤ እሱም ስድስት ጠርሙስ ብቻ፣ የእኛው ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ። የተቀመጠው ለሁለታችን ነው። እሳቸው ሲያልቡ እፉኝቷ ካመለጠቻቸው፣ ወይም እኔ ሳጥን ስጠርግ ከነደፈችኝ። ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጅበታል።

ዶክቶር ወደ ምርምር ቤቱ ይዘውኝ ሄደው ማቀዝቀዣውን ከፈቱ። ጠርሙሶቹን አላነሷቸውም። «ጥሩ፣ ግማሹ ያንቺ ነው» አሉኝ። «የእኔን ድርሻ ብሰጠው ሦስት ነው። አይበቃውም። አምስት ይፈልጋል፤ ምናልባት ስድስቱንም። ‹አይሆንም› ብትዪኝ አልቀየምሽም። ልጆች አሉሽ።»

እውነቱን ልናገር። ወዲያው «ይውሰደው» አላልኩም። ሁለት ሴት ልጆቼ ደንቢያ፣ እናቴ ዘንድ ነበሩ። ከግድግዳው ወዲያ አንዷ እፉኝት ቅርፊቷን ስታፋትግ ይሰማኛል። እኔ ከሞትኩ ማን ይልክላቸዋል አልኩ በልቤ። ቆየሁ። ዶክቶርም አላጣደፉኝም። ከዚያ የልጁ እናት የትም ሆና የትም፣ ይህን ጊዜ ልጇ የት እንደደረሰ ስታሰላ ታየችኝ።

«ይውሰደው፤ እኔ ግን ከነገ ጀምሮ ወደዚያ ክፍል አልገባም» አልኩ።

«እኔም አልገባም» አሉ። «እንዘጋዋለን።»

ጠርሙሶቹን በበረዶ ሳጥን አድርገን ተመለስን። ማርከሻው ሲገባበት ልጁ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ገላው ሁሉ ሽፍ አለ፤ አንዲት ነርስ ሮጣ ሌላ መርፌ ወጋችው። ዶክቶር እጁን ይዘው «ኢንሻላህ፣ ኢንሻላህ» እያሉ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ከአስር ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል፣ ፀሐዩ በመስኮቱ ሽቦ ውስጥ ሲገባ፣ ደሙን በቱቦ አድርገን አቆምነው። ሃያ ደቂቃ። እኔ ዳዊት እደግማለሁ፤ እሳቸው በመቁጠሪያቸው ይቆጥራሉ። ቱቦውን አነሱ። ቀስ ብለው አዘነበሉት። ደሙ አልተንቀሳቀሰም። ገለበጡት፤ እንደ ዝልግልግ ጄሊ ከሥሩ ተጣብቆ ቀረ።

«ሐምዱሊላህ» አሉ። እኔ አለቀስኩ። ይበልጣል ራሱ ምን እንደሆነ አልገባውም ነበር፤ «ምን ሆነ? ሞትኩ?» ይለኛል።

ልጁ የግራ እግሩን ትንሿን ጣት አጣ እንጂ ዳነ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሳጃና፣ እኛ ግቢ ወሰድኩት። ወንዶቹ ክፍል ፍራሽ አነጠፉለት። አንድ ወር ሙሉ ከኒሙ ዛፍ ሥር እግሩን ዘርግቶ እየተቀመጠ የግቢውን ሴቶች ሽንኩርት ይልጥላቸው ነበር፤ ቀልድ ያውቃል፤ ያን ሁሉ ሳቅ የት ይዞት እንደመጣ እንጃ። ጓደኞቹ እሱ ተኝቶ ሳለ ወደ ሊቢያ ሄደዋል። የአጎቱ ልጅ አንድ ጊዜ ስልክ ደውሎለት ነበር፣ ከሰሃራ ጫፍ። ከዚያ በኋላ አልደወለም። ይበልጣል ስልኩን እጁ ላይ ይዞ ስንት ከሰዓት በኋላ እንዳሳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ጠዋት «እማማ፣ አልሄድም፤ እመለሳለሁ» አለኝ። የመመለሻ ወረቀት አውጥቶ፣ ከሌሎች ተመላሾች ጋር በቀን በአውቶቡስ ሄደ። እኔ የሰጠሁትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ ትንሽ ሰፍቶታል።

ዶክቶር የከፈሉትን ግን እኔ አየሁ። የእባቡ ክፍል ሰባት ወር ተዘግቶ ከረመ። ዶክቶር በረጅም መቆንጠጫ ምግብ ከመወርወር በቀር እጃቸውን አላስገቡም። የምሥራቁና የምዕራቡ መርዝ ንጽጽራቸው በዚያ ክረምት መጠናቀቅ ነበረበት፤ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ከውጭ በገንዘብ ይረዷቸው የነበሩ ሰዎች ውጤቱ የት ደረሰ ብለው ደብዳቤ ጻፉ፤ አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከእፉኝቶቹም አንዳንዶቹ ሞቱ። አንድ ቀን፣ ባዶ ሳጥን ስጠርግ፣ «በእኔ ምክንያት ነው አይደል?» አልኳቸው። «ለዚህ ነበር የተቀመጠው» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። አሁን ሳስበው፣ እኔ ስንት የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ የደከመበትን እንደዚያ ዝም ብሎ ያስቀመጠ ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

በመጨረሻ አዲሱ ማርከሻ መጣ። ካርቶኑን ከፍተን ማቀዝቀዣ ውስጥ በደረደርንበት ሳምንት፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የወልቃይት ሰው፣ ሳጃና ድረስ አጠያይቆ መጣ። በጋዜጣና በጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ የላስቲክ ማሰሮ ሰጠኝ። «እትዬ፣ ይህንን ይዤ ስመጣ በየኬላው ሁለት ሁለት ጊዜ ሞቻለሁ» አለኝ። «አንዴ በውስጡ ባለው፣ አንዴ ባለበት ነገር።» ፈትቼ ሳየው እፉኝት ናት፤ ሞታ፣ ተጠቅልላ፣ አረቄ ውስጥ የተኛች። ካርቱም ውስጥ አረቄ መያዝ በጅራፍ ያስገርፍ ነበር። ከማሰሮው ጋር ደብዳቤ አለ።

በማግስቱ በዘንቢሌ፣ ከላዩ ሞሎኪያ ቅጠል ነስንሼበት፣ በሃፍላ ይዤው ሄድኩ። ልቤ እስከ ካርቱም ሁለት ድረስ ከበሮ ሲመታ ነበር። ዶክቶር ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት። «አስተግፊሩላህ!» ብለው ክዳኑን መለሱ፤ ከዚያ እንደገና ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ። እፉኝቷን በመቆንጠጫ አውጥተው በሌላ ጠርሙስ፣ በመድኃኒት ውስጥ አስቀመጧት። አረቄውን እኔ ፍሳሽ ላይ ደፋሁት፤ ወለሉን ሦስት ጊዜ በመድኃኒት አጠብኩት።

«አንብቢልኝ» አሉ ደብዳቤውን።

አነበብኩ፤ እያነበብኩ ተረጎምኩ። «ይድረስ ለእማማ ጥሩወርቅ። እግሬ ደህና ነው። ሰሊጥ አጭጃለሁ። ይህችን ያገኘናት እኔን በነደፈኝ ቦታ ነው። ሰውዬው የዚያን ቦታ እባብ የላቸውም ብለው እርስዎ ነግረውኝ ነበርና ልኬያለሁ። የአጎቴ ልጅ ወሬ የለም። እንግዲህ የምደብቅለት ሰው የለኝም። ከማሉልኝ ቃል ፈትቼዎታለሁ፤ ይንገሯቸው። ቦታው ሰርዶ ማዶ ይባላል።»

ዶክቶር ለአጎቱ ልጅ በሆዳቸው ዱዓ አደረጉ መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ትልቁን መዝገብ አወጡ።

«እንደገና በዪው።»

«ሰርዶ ማዶ።»

«ሰር…ዶ…»

«ማዶ። ከሰርዶው ሣር ባሻገር ማለት ነው።»

ሦስት ጊዜ አስብለውኝ በአረብኛ ጻፉት። ጽፈው ሲጨርሱ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ጠርሙሷን ወደ ብርሃኑ አነሷት፤ ፊታቸው ላይ ለሰባት ወር ያላየሁት ነገር መጣ።

«ጥሩ፣ እባክሽ ጻፊለት። አመሰግናለሁ በዪው። ከተቻለ ደግሞ ሁለት ሦስት… በሕይወት ያሉ…»

«ዶክቶር!» አልኳቸው። «እሱንስ እርስዎ ይጻፉለት። እኔ እናቱን እፈራለሁ።»

ሳቁ። ወንበሩን ይዘው እስኪያስሉ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው የእባቦቹን ክፍል ከፈቱት፤ እኔም ሰጋቱራ ላመጣ ሄድኩ።